ያልደረሰ ስለት አይቆረጥም

ሱቄን የዘጋሁት ከሰው ተጣልቼ አይደለም፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሾለክ ካቃተኝ ቆይቶ ነበር። ጎረቤቴ የነበረችው ሻይ ሻጭ ጠዋት ጠዋት ብቅ ትልና የቀኑን መርፌዎች ክር አሾልካ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቁራጭ ጨርቅ ሰክታልኝ ትሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ቀዩን ክር ከወይን ጠጁ መለየት ሲያቅተኝ “እንየው፣ በቃህ” አልሁ ለራሴ። አሁን ፍኖተ ሰላም ከልጄ ከትሁን ጋር እኖራለሁ። የስፌት መኪናዬን ይዤው መጥቻለሁ፤ ጥግ ላይ ቆሞ የልጅ ልጆቼ ደብተራቸውን ያስቀምጡበታል።

ሥራውም ቢሆን እኔን ጥሎ ሄዷል። ከመዝጋቴ ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ወጣት ስልኳ ላይ ለታቦት የሚገባ የስለት ጃንጥላ ሥዕል አሳየችኝና “አባባ፣ ይህንን ለእሑድ ያደርሱልኛል?” አለችኝ። ለዚህ እሑድ ቀርቶ ለመጪው ወርም እንደማልደርስ ነገርኋት። ባሕር ዳር በኮምፒውተር የሚጠልፍ መኪና ያለው ቤት አሠርታ፣ ደግ ልጅ ናትና፣ ስትመለስ ልታሳየኝ አመጣችው። ዙሪያውን እየዳሰስሁ አየሁት። ስፌቱ የቀና፣ ዘርፉ የተስተካከለ፣ ጥሩ ሥራ ነው። እንዲህም አልኋት። ከሄደች በኋላ ግን እጄን አጣጥፌ ብዙ ተቀመጥሁ። ድሮ አንድ ስለት ሳምንታት ከእኛ ጋር ይከርም ነበር። ባለቤቱ በየገበያው ቀን እየመጣ ያየዋል፤ ጨርቁን እየዳሰሰ ያወራል፤ አንዳንዱም ዝም ብሎ ይቀመጣል። የናፈቀኝ እሱ ነው።

የተወለድሁት ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። ወላጆቼ ከአዊ የወጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ በቤታችን አዊኛም አማርኛም ይነገር ነበር። ስፌት የጀመርሁት ደምበጫ አጎቴ ዘንድ የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነው። ቀጥዬ ፍኖተ ሰላም በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ገባሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሥራን የሚመዝነው በፍጥነት ብቻ ነው። ከኋላችን እየተመላለሰ “ቶሎ ቶሎ፣ ሕዝቡ ራቁቱን ነው” ይለን ነበር። ደመወዙ ለእለት ጉርስ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ማኅበሩ ሲፈርስ ወደ ቡሬ ተመለስሁና አያ ጥላዬ ዘንድ ተቀጠርሁ። የሥራ ዘመኔ የምለው ከዚያ ይጀምራል።

አያ ጥላዬ የቤተ ክርስቲያን አልባሳትና የስለት ጃንጥላ ሰፊ ነበሩ። ከሽንዲ እስከ ደምበጫ የማያውቃቸው ደብር አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሰፉ በአፍንጫቸው የሚያዜሙ ሰው ነበሩ። በጭንቅ ቀን “ይህን ብታደርጊልኝ ጃንጥላ አገባልሻለሁ” ብሎ ለታቦት ቃል የገባ ሰው ሁሉ፣ ጭንቁ ሲያልፍለት የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያለቀ ጃንጥላ ዘርግተው ከሥሩ አስቀመጡኝ።

“ቀና በል። ምን ታያለህ?”

“ስፌት” አልሁ።

“ላይኛውን ሕዝቡ ያየዋል። ይህኛውን የሚያየው ከካህኑ ራስ ላይ ያለው ታቦት ነው። ስለዚህ ቋጠሮ የሚደበቀው ከሰው አይደለም።”

ከዚያ በኋላ የውስጡን ስፌት ከላዩ አሳንሼ አላውቅም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ክሩን በተራረፈ ጧፍ ሰም ላይ ሳይስቡ መርፌ አያስገቡም። ከተናደዱ መቀሱን መሬት አስቀምጠው ነው የሚናገሩት። አዲስ ጨርቅ ሲገዙ ደግሞ ጠርዙን ያረጥቡና ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ አድሮ ቀለም ከለቀቀ ለነጋዴው ይመልሱለታል። ነጋዴዎቹ “አያ ጥላዬ እኮ ከፈይ እንደ ሽሮ ካልቀመሱ አይገዙም” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ደንበኛ ሲመጣ ምን ገጥሞት እንደተሳለ አይጠይቁም። “ስለቱን የሰማው ታቦቱ ነው፤ እኛ ልኩን እንስማ” ይላሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ደረሰልዎ?” አዎ ያላቸው እንደሆነ ያንኑ ዕለት መቀስ ያነሣሉ። ገና ነው ካለ ግን ጨርቁን ያስመርጡትና በአቡጀዲ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ያኖሩለታል። አይቆርጡትም።

አንድ ቀን “ቀድመን ሰፍተን ብናቆይላቸውስ?” አልኋቸው።

“ያልደረሰ ስለት አይቆረጥም። ቀድመህ ከሰጠኸው ስለት መሆኑ ይቀርና መማለጃ ይሆናል” አሉኝ።

መደርደሪያው ላይ ዓመታት የቆዩ ጨርቆች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው እየመጡ አይተዋቸው ይሄዱ ነበር።

የሚያስቅም ነበረው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ለሚካኤል ትልቅ የከፈይ ጃንጥላ ተስሎ ተረፈ። መጀመሪያ ሲመጣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ በአገሩ የሌለ ትልቅ ይሁን አለ። ጥቂት ሰንብቶ መጣና “መካከለኛ ቢሆንስ?” አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ “ሚካኤል እኮ የሚያየው ልብን ነው፤ ከፈዩ ቀርቶ በናይለን ቢሆን ምን ይለኛል?” አለ። አያ ጥላዬ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

“ልጄ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሳለህ ስንት ክንድ ሆኖ ነው የታየህ?”

ሾፌሩ አየት አደረጋቸውና ሳቁ ፈነዳበት። ዕንባው እስኪወርድ ከሳቀ በኋላ ሁለት እጁን የቻለውን ያህል ዘርግቶ “እንዲህ!” አለ። አያ ጥላዬ ገመድ አንሥተው ከጣቱ ጫፍ እስከ ጣቱ ጫፍ ለኩት። የተሰፋውም በዚያው ልክ ነው። ሾፌሩ መንዳት እስኪያቆም ድረስ በሱቃችን በር ሲያልፍ ጡሩምባ ሳያሰማን አላለፈም።

እትዬ ውድነሽን ያወቅኋቸው “ገና ነው” ካሉት መካከል ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች የኪዳነ ምሕረት ደብር የሚመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በገበያ ቀን በርበሬ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ምንይችል ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ ወርዶ፣ አብረውት የሄዱት ሲመለሱ እሱ ሳይመለስ ቀረ። አየሁት የሚልም፣ ሞተ የሚልም ጠፋ። እናቱ ልጄ ቢመለስ ብለው ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተስለው፣ ቀይ ከፈይ መርጠው እኛ ዘንድ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ በየገበያው በርበሬያቸውን ሸጠው ሲያበቁ ብቅ ይላሉ።

“ብል አልነካውም?”

“አልነካውም፣ እትዬ።”

“እስቲ አሳየኝ።”

አወርድላቸዋለሁ፤ በመዳፋቸው ያሹታል፤ መልሰው ይጠቀልሉታል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ።

አንድ የነሐሴ ገበያ ቀን ቅርጫት ሳይዙ መጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። መግባቱንም የረሱት መሰለኝ።

“ደረሰችልኝ” አሉ።

ምንይችል ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ ተመልሶ ነበር። የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ደርሳለች። አያ ጥላዬ በዚያ ሰሞን ታመው ቤታቸው ተኝተው ስለነበር ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። ከፈዩን አውርጄ ስዘረጋው ከታች የነበረው እጥፋት በግድግዳው እርጥበት ተበላሽቷል። ለጃንጥላው ከሚያስፈልጉት ስምንት ቁራጮች ስድስቱን አወጣሁ፤ ሁለቱ ጎደሉ። ወደ ነጋዴው ሮጥሁ። ተመሳሳይ ቀይ አወጣልኝ። ጠርዙን ላርጥበው ስል ሰዓቱን አሰብሁ፤ በነሐሴ ጭጋግ ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። ነጋዴው መጠራጠሬን አየና እጁን ወደ ላይ አነሣ።

“ኪዳነ ምሕረትን! ከዚያው ጣቃ የተረፈ ነው።”

የማለው ጃንጥላው በሚሰጥላት በእሷው ነው። እሷን ምሎ ማን ይዋሻል አልሁ በልቤ። ይዤ ሄድሁ፤ ሰፋሁት፤ ለበዓሉ ደረሰ።

በዕለቱ እኔም ሄጄ ነበር። ታቦቷ ወጥታ ቤተ ክርስቲያኑን ስትዞር ዝናቡ ጀመረ፤ ከባድ አልነበረም፣ የነሐሴ ካፊያ ነው። ታቦቷን የተሸከሙት የደብሩ ቄሰ ገበዝ ቄስ ሞላ ናቸው። በላያቸው የእትዬ ውድነሽ ጃንጥላ ተዘርግቷል። እትዬ ውድነሽ ከሴቶቹ ፊት ሆነው እልል ይላሉ፤ ምንይችል ከኋላቸው ቆሟል። በመጀመሪያ ያየሁት በቄስ ሞላ ነጭ ቀሚስ ትከሻ ላይ አንድ ቀይ መስመር ነው። ቀጥሎ ሌላ መጣ። ከዚያ መጎናጸፊያው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

“ደም ይመስላል” አለ አንድ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ በላይ ማንም አልተናገረም። በሳምንቱ ግን አገሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበር። ልጁ ከበረሃ ምን ይዞ መጣ? ያን ያህል ዓመት የት ነበር? ለምን አይናገርም? ምንይችል በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፤ ታስሮ ይሁን ታሞ፣ በበረሃ ያሳለፈውን ለእናቱም አልነገራቸውም ነበር። ያ ዝምታው አሁን ተቆጠረበት። የሰው ነፍስ አጥፍቶ ነው፤ ኪዳነ ምሕረት ስለቱን መልሳ በደም አሳየች ተባለ። ሰላምታ አልነፈጉትም፤ ግን ወንፈል የሚጠራው ጠፋ፤ በሰንበቴም ከአጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ “የሰው ደም የለብኝም” ብሎ ይማል አሉ።

ይህን የነገሩኝ እትዬ ውድነሽ ናቸው። በገበያ ቀን መጥተው ከመኪናዬ አጠገብ ተቀመጡ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር፤ አልወቀሱኝም።

“ልጄን ሊያስምሉት ነው።”

“ንጹሕ ከሆነ ምሎ ቢገላገል አይሻልም፣ እትዬ?” አልሁ።

“አንተ ገና ልጅ አልወለድህም” አሉኝ። “የማለ ሰው እኮ ንጹሕ ነው አይባልም፤ ‘ያ የማለው ሰውዬ’ ነው የሚባለው። ነገ በሬው ቢሞት መሐላው ነው ይላሉ። ልጁ ቢታመምበት መሐላው ነው ይላሉ። በእውነት ቢምልም ዕድሜውን ሲጠበቅ ይኖራል።”

ሱቁን ዘግቼ ወደ አያ ጥላዬ ቤት ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ትራሳቸው ላይ እንደተደገፉ አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

“አርጥበኸው ነበር?”

“ነጋዴው ማለልኝ” አልኋቸው።

 “የማለልህ ሰው ጨርቁን አያውቀውም። ጨርቁን የሚያውቀው ውሃ ነው” አሉ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁ እመርጥ ነበር። በኋላ ነጋዴውን ስጠይቀው ፊቱ ዐመድ መስሎ “እኔ እኮ ያው መስሎኝ ነው” አለኝ፤ ሁለት ጣቃ ተቀላቅሎበት ነበር። ውሸታም አይደለም። ያላወቀውን ነው የማለው።

እሑድ ጠዋት አያ ጥላዬ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። መንገዱ እስከሚፈቅድ በጋሪ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ተደግፈው በዝግታ ወጣን። ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ከፊት ናቸው። ምንይችል ብቻውን ቆሟል፤ እናቱ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

አያ ጥላዬ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። “አባቶቼ፣ ከመሐላው በፊት ትንሽ የሚነገር አለ፤ ፈቃዳችሁ ይሁን” አሉ። ተፈቀደላቸው። ውሃ በጣሳ አስመጡ። ከሁለቱም ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ ከጉያዬ አወጣሁ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሣሩ ላይ ዘረጉት። የመጀመሪያውን ቁራጭ ነክረው ነጠላው ላይ ተጫኑት፤ ሲያነሡት ነጠላው እንደ ነጣ ነው። ሁለተኛውን ነክረው ተጫኑት፤ ሲያነሡት ነጠላው ቀልቷል። ይዘውት ቆሙና በዙሪያ ላሉት ሁሉ አሳዩ።

“ደሙ ይህ ነው” አሉ።

ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት ሰው ጢማቸውን እየዳበሱ “አያ ጥላዬ፣ ጨርቁን አየነው። ግን ስንት ስለት በሚገባበት ደብር፣ ይህ ነገር በዚች ሴት ስለት ላይ ለምን ወረደ?” አሉ።

“እሱን አላውቅም። የእኔ ዕውቀት እስከ ጨርቁ ድረስ ነው” አሉ አያ ጥላዬ።

ሽማግሌው ወደ እትዬ ውድነሽ ዞሩ። “እንግዲህ ይምላል ብለን ተናግረናል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባለው።”

እትዬ ውድነሽ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። “ይህን ያለው የወለደ አይደለም” አሉ ቀስ ብለው።

ያኔ ቄስ ሞላ ተነሡ። “በበዓሉ ታቦቷን ተሸክሜ የነበርሁ እኔ ነኝ። ቀሚሴን ለማጠብ እንዶድ አልቀረኝ፣ አመድ አልቀረኝ፤ ቀለም ባይሆን ይህን ያህል ባላስቸገረኝ ነበር” ሲሉ ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። እሳቸው አልሳቁም። “በዚህ ደጅ በጨርቅ ምክንያት ሰው አይምልም። ወደየቤታችሁ ግቡ።”

እንዲህ ሆኖ መሐላው ቀረ። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ምንይችል ትንሽ ጥቅል ይዞ ሱቃችን በር ላይ ቆመ።

“ልሄድ ነው፣ አያ እንየው።”

“ምነው? ተነገረልህ እኮ።”

“ብምል ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። አሁን ደግሞ ያልማለው ሰውዬ ሆኛለሁ። ሳልፍ ዝም ይላሉ፤ ካለፍሁ በኋላ ያወራሉ።”

ይቅር በለኝ አልሁት። “እርስዎ ምን አደረጉኝ? ጃንጥላው ያምራል እኮ” አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ አየሁት፤ አልነበረም። እናቴን ልይ ብሎ ያን ያህል በረሃ አቋርጦ የመጣ ሰው፣ በእኔ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ከእናቱ ተለየ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጨርቅ አበላሽቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልገጠመኝም።

አያ ጥላዬም ብዙ አልቆዩም። ያቺን ነጠላ አላሳጠቧትም። ከነቀይ ነጥቧ በየሰንበቱ እየለበሱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። የጠየቃቸው ካለ “የሥራ ልብስ ነው” ይላሉ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዐረፉ። ከሞቱ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ስሰፋ ድንገት ዜማቸው የሚሰማኝ እየመሰለኝ መኪናውን አቆም ነበር።

የጃንጥላውን ሁለት ቁራጮች ፈትቼ በተፈተነ ከፈይ ተካኋቸው። ከዚያም ለእትዬ ውድነሽ “ሌላ አዲስ ልስፋልዎት” አልኋቸው።

“አይሆንም” አሉ። “ልጄን በእግሩ ቆሞ አይቼዋለሁ። እሷም ቃሏን ጠበቀች፣ እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ሁለተኛ ብሰጥ የመጀመሪያውን አልተቀበለችም ማለት ነው።”

“ታዲያ እንዲመለስ ሌላ ስለት አይሳሉም?”

“አልሳልም። አሁን ዝም ብዬ ነው የምለምናት።”

በየገበያው መምጣታቸውን ግን አልተዉም። የሚያዩት ጨርቅ የለም፤ ቢሆንም መጥተው ይቀመጣሉ። እኔም እጠብቃቸው ጀመር።

ዓመታት አልፈው ሞባይል ገባ፤ እኔም ገዛሁ። አንድ የገበያ ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ።

“አያ እንየው ነዎት? ምንይችል ነኝ።”

ጅማ በኩል ቡና ለቀማ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ከቡሬ የሄደ የበርበሬ ነጋዴ አግኝቶ ቁጥሬን ተቀብሎታል። እናቱ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳልናገር ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ድምፁን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑና “በላህ?” አሉት።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ይደውል ነበር። እንዲሰሙት ብዬ በዚያች ሰዓት መኪናውን አቁሜ በእጄ እሰፋለሁ። የሚያወሩት ተራ ነገር ነው። ላሟ ወለደች፤ የእገሌ አጥር ፈረሰ፤ በርበሬ ዘንድሮ ረከሰ፤ አንተስ ጋቢ አለህ ወይ? “ና” ሲሉት ግን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

“ና ካልሁት እመጣለሁ ይለኛል። እመጣለሁ ካለ ደግሞ ቃል ነው። ሳይመጣ ቢቀር ቃሉ ሲበላው ይኖራል። በመሐላ ሊያስሩት ሲሉ እንቢ ብዬ፣ እኔ በቃል ልሰረው?” ቀጥለውም “አንተም ና እንዳትለው” አሉኝ።

“እሺ” አልሁ። ማልልኝ አላሉኝም።

በአንድ ክረምት ለገበያ ሳይመጡ ቀሩ። ጠይቄ ሄድሁ፤ ሳል ይዟቸው ተኝተዋል፣ ጎረቤት ይጠብቃቸዋል። “ለልጄ ጉንፋን ነው በለው” አሉኝ። ጉንፋን ነው አልሁት። ረቡዕ ዕለት ዐረፉ።

ያን ገበያ ቀን ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ስልኩ በተለመደው ሰዓት ጮኸ።

“አያ እንየው፣ እንደምን ዋሉ? እናቴን ያቅርቡልኝ።”

“ዛሬ አልመጡም፣ ምንይችል” አልሁት። ድምፄ ነገረው መሰለኝ። ከጀርባው የወፍ ጩኸት ይሰማኛል።

“መቼ ነው?” አለ።

“ረቡዕ።”

“ማን ቀበራት?”

“አገሩ ሁሉ። ይማል ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ቃሬዛውን ያዙ።”

“ዝናብ ነበር?”

“ነበር። ቄስ ሞላ ጃንጥላዋን ከዕቃ ቤት አስወጥተው በአስከሬናቸው ላይ አስዘረጉላቸው። እስከ መቃብሩ ድረስ እንደተዘረጋ ነበር።”

 ከዚያ፣ ለመጠየቅ የፈራ በሚመስል ድምፅ፣ “ቀለሙ ለቀቀ?” አለኝ።

“አልለቀቀም” አልሁት።

ያኔ አለቀሰ። ያን ያህል ዓመት ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ እስኪጨርስ ያዝሁለት። ና ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሺ ያልኋቸውን አስቤ ተውሁት። በኋላ ለተዝካራቸው የሚሆነውን ላከ፤ ራሱ ግን አልመጣም።

ከእንግዲህ አይደውልም ብዬ ነበር። በቀጣዩ ገበያ በዚያው ሰዓት ደወለ።

“ገበያው እንዴት ዋለ?” አለኝ።

በርበሬው ውድ እንደሆነ ነገርሁት። በሚቀጥለውም ደወለ። ሱቄን ስዘጋ ያሳሰበኝ አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ ከቡሬ ከወጣሁ ምን እነግረዋለሁ አልሁ። አሁን በገበያ ቀን ከዘራዬን ይዤ ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ እወርዳለሁ። የምገዛው የለኝም። በርበሬውን፣ ጤፉን፣ ሽንኩርቱን እየዞርሁ ጠይቄ እመለሳለሁ። ሻጮቹ ለምደውኛል፤ “እኝህ አባት ጠይቀው እንጂ ገዝተው አያውቁም” ሲባባሉ እሰማለሁ። ቤት ስደርስ ትሁን በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታልኝ ስልኩን አጠገቤ ታደርጋለች። ማን እንደሚደውል ታውቃለች፤ ልጆቹን ዝም ታሰኛቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳችን ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናዬ አወራን። ልንዘጋ ስንል አንድ ነገር ጨመረ።

“አያ እንየው፣ ዘንድሮ ለመስቀል ብመጣስ እላለሁ። የእናቴን መቃብር አላየሁትም።”

በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።  ናልኝ ልለው ፈለግሁ። ቡሬ ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፣ መቃብሩን አሳይሃለሁ ልለው ፈለግሁ። እትዬ ውድነሽ ግን ና እንዳትለው ብለውኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

“መናኸሪያው ከቤታችን ሩቅ አይደለም” አልሁት። “ከአውቶቡስ እንደ ወረድህ የአስፋልቱን ዳር ይዘህ ወደ ታች ትመጣለህ። በራችን አረንጓዴ ነው።”